ጡሩንባ አፏን የያዘች ጊዜ

ሰፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ተደርጎ ጡሩንባ ሳትሰማው ከዋለች፣ ነገሩ አልተደረገም ማለት ነው። ማን ከማን ተኳረፈ፣ የማን ልጅ የማንን ልጅ ከጀለ፣ የትኛው ባል ሶፋ ላይ አደረ፣ ሁሉም ከእሷ ዘንድ ትኩስ ትኩሱን ይገኛል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን በር ላይ ቆሞ «እትዬ ጡሩንባ!» እያለ ነው የሚጣራው። ስሙን ያወጣላት ሰው ሊያሳፍራት ፈልጎ ነበር ይባላል። እሷ ግን «ጡሩንባ ባይኖር ማን ማንን ይሰማ ነበር?» ብላ እንደ ሹመት ተቀበለችው።

ሥራዋ ፀጉር መሥራት ነው። ሱቋ በዳቦ ቤቱና በጫማ አዳሹ መሀል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት፤ ቆዳው ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ ወንበር፣ ሲነሳ እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ካስክ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ፀሐይ ያደበዘዛቸው የቆነጃጅት ፎቶዎች። ካስኩ ስለሚያጓራ ሥሩ ፀጉሯን የምታደርቅ ሴት አትሰማም፤ ስለዚህ ጡሩንባ ትጮሃለች። ስለምትጮህ ጫማ አዳሹ ይሰማል። ጫማ አዳሹ ከሰማ ደግሞ ሰፈሩ ሰማ። «እኔ መች ወሬ አወራሁ? ካስኩ ነው የሚያስጮኸኝ» ትላለች ሲወቅሷት።

ይህች ሴት ግን አንድ የማይሻር ሕግ ነበራት። የሰው ጠብና የሰው ፍቅር የአደባባይ ነው፤ ወንበሯ ላይ የተገለጠ ራስ ግን የባለቤቱ ነው። የማን ፀጉር ከገዛ ራሱ እንደበቀለ፣ የማን ደግሞ ከካርቶን እንደወጣ፣ ከእሷ አፍ ሰማሁ የሚል ሰው አልተወለደም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት በዊግ እንደሚኖሩ ጡሩንባ ታውቃለች፤ ዝም። አከራይዋ ጋሼ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እኚህ ሰው አያረጁም እንዴ!» የሚልለት ጢማቸው በምሳ ሰዓት መጋረጃ ተጋርዶ በጥርስ ብሩሽ ቀለም እንደሚቀባ ታውቃለች፤ ዝም። «ወሬ ሌላ፣ ራስ ሌላ» ነው አባባሏ።

ከሁሉም የከበዳት ምስጢር የልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅ ምስጢር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከመንገዱ ማዶ ባለች ክፍል ውስጥ መኪናዋን ስታንደቀድቅ የምትውል፣ ልቧ ደካማ የሆነ፣ ከአንዲት ልጇ በቀር ማንም የሌላት ሴት ናት። ልጅቷ ታመመች፤ ሕክምናው ደግሞ ፀጉሯን አረገፈው።

«እናቴ አትችለውም፤ መድኃኒቱ መሥራቱ ይታወቅና ደህና ወሬ ይዤ ራሴ እነግራታለሁ» ብላ ጡሩንባ ዘንድ መጣች።

ጡሩንባ የተረፈውን ፀጉር ላጨችላት። ቀጥላም የድሮ ፀጉሯን የሚመስል ዊግ ፈልጋ፣ ከፊቷ ጋር አስማምታ ቆረጠችላት። ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ እናቷን ስትስማት፣ እናትየዋ «ዛሬ ደሞ አምሮብሻል» ስትላት፣ ጡሩንባ በመስኮት አየች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ያልቆሸሸ ፊቷን ስትታጠብ ቆየች።

እዳው የመጣው ከፎቶ ነው። አንድን ዊግ ወይም አንድን ቀለም ደግሞ እንደበፊቱ ለመሥራት፣ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማየት ያስፈልጋል፤ የጡሩንባ ማስታወስ ደግሞ ለወሬ እንጂ ለቀለም ቁጥር አይሆንም። ፋርማሲ የምትሠራው የእህቷ ልጅ መላ መታችላት። ሰው ሁሉ ባለበት በዚያ ትልቁ ማኅበራዊ ገጽ ላይ አካውንት ከፈተችላትና የደንበኞቿን ፎቶ በየስማቸው የምታኖርበት አንድ አልበም ሠራችላት። በሩ ላይም «ለእኔ ብቻ» የሚል ቁልፍ አደረገችበት። ጡሩንባ ደንበኞቿን አስፈቅዳ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ታነሳቸውና እዚያ ትቆልፍባቸዋለች። ለበርካታ ወራት ቁልፉ ቁልፍ ሆኖ ኖረ።

አንድ ቀን ጠዋት ገጹ «ታደሰ»። ስልኳን ስትከፍት ፊኛዎች እየተንሳፈፉ «አዲስ ሆነን መጥተናል! ይበልጥ እንቀራረብ!» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ሌላ ጽሑፍ፣ ከዚያም ሥር «እሺ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ምልክት። ማን ጉንዳን ያነባል? ጡሩንባ የአንዷን ሴት ራስ በአንድ እጇ እያጠበች በሌላው እጇ «እሺ» አለች።

ያቺ «እሺ» የቆለፈችውን ሁሉ ከፈተችው። የተዘጉ አልበሞች ለወዳጅና ለወዳጅ ወዳጅ ተበረገዱ። ማሽኑም በየፊቱ ላይ ስም እየለጠፈ፣ ለየዘመዱ «የሚያውቁት ሰው ፎቶ ተገኝቷል!» እያለ መልእክት ይልክ ጀመር።

መጀመሪያ የደወሉት ርዕሰ መምህርቷ ነበሩ።

«እትዬ፣ ተማሪዎቼ ራሴን አዩት» አሉ።

«ታዲያ ተማሪዎችዎ እርስዎን ራስዎን ካላዩ ማንን ሊያዩ ነው?»

«ራሴን አልኩሽ እኮ! ጭንቅላቴን!»

ጡሩንባ ስልኩን አየችው። ርዕሰ መምህርቷ በግራ በኩል መላጣ፣ በቀኝ በኩል ዞማ ሆነው ፈገግ ብለዋል። ከሥር ከመቶ በላይ ሰው ስቋል።

ጋሼ አልደወሉም፤ መጡ። ጢማቸውን እንደታመመ ጥርስ በመዳፋቸው ከድነው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጡሩንባ፣ ነፋሽው አይደል?»

«ጋሼ፣ በልጅነቴ ይሁንብኝ፣ እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው የከፈተው።»

«ራሱ የሚከፈት ነገር እንዴት ይባላል ቁልፍ? አማቾቼ ሁሉ የጥርስ ብሩሽ ፎቶ እየላኩልኝ ነው! ሌላ ቤት ፈልጊ።» ይህን ብለው ጢማቸውን እንደያዙ ወጡ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጡሩንባ ስትምል፣ ስትገዘት፣ ስትከራከር ዋለች። አላመኗትም። ማን ያምናታል? ዕድሜ ልኩን ሲጮህ የኖረ ጡሩንባ አንድ ቀን ሌላ ሰው ነፋኝ ቢል ይታመናል? ከዚያ ግን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሳትናገር ያቺ የተለጠፈች ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ ጡሩንባን አየቻት። መርፌ የተወጋበት ትንሽ ትራስ አሁንም ክንዷ ላይ እንደታሰረ ነበር።

«ለእኔ ሳትነግረኝ ለአንቺ ነገረችሽ?» አለች።

ጡሩንባ አፏን ከፈተች። ቃል አልነበረበትም። እንዲህ ሲሆንባት የመጀመሪያዋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተነሳችና መንገዱን ተሻገረች፤ የዚያን ቀን የስፌት መኪናው ድምፅ አልተሰማም።

ልጅቷ ማታውን ጻፈችላት፦ «አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። እናቴም ተርፋለች፤ አልቅሳ ወጥቶላታል። ግን እትዬ፣ ቀኑን እኔ መርጬ ነበር። እሁድ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ እጇን ይዤ።»

ያቺ «እጇን ይዤ» የምትል ቃል ጡሩንባን እንደ እሾህ ወጋቻት። የእህቷን ልጅ ጠርታ «ዝጊው!» አለቻት። የእህቷ ልጅ የገጹ ማስተካከያ ውስጥ ገባች፤ ማስተካከያው ውስጥ ሌላ ማስተካከያ፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ አልበሙን እንዳለ አጠፋችው፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ፎቶዎቹ ከስልክ ስልክ ሄደው ነበር። ለገጹ ባለቤት ድርጅትም አቤቱታ ጻፉ። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን! የእርስዎ ደስታ የእኛ ደስታ ነው!» ከጎኑ የሚስቅ ቢጫ ፊት አለ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? አገናኚኝ» አለች ጡሩንባ።

«ሰው አይደለም አክስቴ፣ ማሽን ነው።»

«ማሽን ከሆነ ምን ያስቀዋል?»

የእህቷ ልጅ ግን አንድ ማኅበር ታውቅ ነበር። ሰዎች በማኅበራዊ ገጾች ላይ ያላቸው ምስጢር እንዲጠበቅ የሚሟገት ማኅበር ነው፤ ቢሮው ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ነው። ደረጃውን ሲወጡ ከታች ጎማ የሚነፋው መጭመቂያ ይንፈቀፈቃል፤ በየመሀሉ «ፍሽሽ!» ሲል ስብሰባው ሁሉ ይደነግጣል። ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፖስታ ተሸክመው አንዱንም ወደ ብርሃን አንስተው አላዩም። ሁለተኛዋ ፈጥና የምትናገር ወጣት ጠበቃ ናት። ሦስተኛው የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፣ የኮምፒዩተሩን ካሜራ በቁስል ፕላስተር ሸፍኖታል።

«ስምህን ማን ልበል ወንድሜ?» አለችው ጡሩንባ።

«ለምን ፈለግሽው?» አላት።

ግድግዳው ላይ «የግለሰብ መረጃ ሉዓላዊነት ይከበር!» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ጡሩንባ አንብባ ወደ ጠበቃዋ ዞረች፦ «ይሄ ሉዓላዊነት የምትሉት ሰው የት ነው የታሰረው?» ፖስተኛው ሳቃቸውን በመሐረብ ቀበሩት። ጠበቃዋም ሳቀች፤ ብዕር አንስታም ከወረቀቱ ሥር «የዘጋሁትን በር ሳታስፈቅደኝ አትክፈት» ብላ ጻፈችበት። እስከ ዛሬ እንደዚያው አለ።

የማኅበሩን ችግር ያስረዱት ፖስተኛው ናቸው። የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤቱታቸውን አይቶ «ተጎዳሁ የሚል ሰው አምጡ» ብሏቸዋል። የተጎዳው ደግሞ እልፍ ነው። ችግሩ፣ አንዴ በአደባባይ የተዋረደ ሰው «ኑና እንዴት እንደተዋረድኩ ልንገራችሁ» ብሎ ሁለተኛ አደባባይ አይወጣም። ምስጢሬ ወጣ ለማለት ምስጢርን መድገም አስፈለገ።

«ሰውማ እኔ አመጣለሁ» አለች ጡሩንባ። «የእኔው ደንበኞች ብቻ ይህን ክፍል ይሞሉታል።»

«አንድ ነገር ግን አለ እመቤቴ» አሉ ፖስተኛው በትሕትና። «እዚህ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደፈረመ፣ ለማንም አይነገርም። ለጎረቤትም፣ ለዘመድም። ይችላሉ?»

የእህቷ ልጅ ድንገት ሳል ያዛት። ከታች መጭመቂያው «ፍሽሽ!» አለ።

«እችላለሁ» አለች ጡሩንባ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ሌላ ሰው ሆኖባታል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሕይወቷ መከራ ነበሩ። ከበር በር ዞረች። አንዳንዱ በሩን ዘጋባት፤ አንዳንዱ በመስኮት ሰደባት። ገብታ የተቀመጠችበት ቤት ሁሉ ግን የማታውቀውን ነገራት። እዚያ ገጽ ላይ ገመናው የወጣው የእሷ ደንበኛ ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞ እጮኛው ደብዳቤ የተገለጠበት አለ፣ ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቶ ሰርግ ላይ ሲጨፍር አለቃው ያየው አለ። እንዲህ ያለ ወሬ! እንዲህ የበሰለ፣ እንዲህ ቅቤ የጠጣ ወሬ! እና ለማንም አይነገርም። ጡሩንባ ወደ ሱቋ ተመልሳ የውሃ ቧንቧውን ትከፍትና መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ለውሃ መውረጃው ጉድጓድ ታንሾካሹካለች። ጫማ አዳሹ ዝምታው ሲያስፈራው ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ይዞላት መጣ።

«ጉሮሮሽን ነው?» አላት አዝኖ።

«አዎ፣ ጉሮሮዬን ነው» አለችው፤ አልዋሸችም።

ጋሼ ዘንድ ስትሄድ «አንቺ? ምስጢር?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። አስረድታ ስትጨርስ ግን ሳቃቸው ጠፋ።

«አየሽ፣ ቀለሙ አይደለም ያናደደኝ» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ነው መቀባት የጀመርኩት። ሽበቴን አይታ አታውቅም። ይህን ለማን ብዬ ላስረዳ? ማንንስ ይመለከታል?» ከዚያ ጨመሩ፦ «እመጣለሁ። ፊቴ ግን እንዳይታይ።»

ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚሉት ይህንኑ ነበር። እመጣለሁ፣ ፊቴ ግን እንዳይታይ። ማሽኑ አንዴ ካየ ስም ይለጥፋላ!

መላው የመጣው ከአንዲት ደንበኛ ነው። ሴትየዋ ፊቷን ያን ተቀብቶ ደርቆ የሚታጠበውን ነጭ ጭቃ ተቀብታ፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ተቀምጣ ሳለ የገዛ እህቷ ብቅ አለችና አፍጥጣ አይታት «እህቴ እዚህ አልመጣችም?» ብላ ጡሩንባን ጠየቀች። ጡሩንባ ማበጠሪያውን ጣለችው።

«እህትሽ ያላወቀችሽን ማሽን ያውቅሻል?» ብላ ሴትየዋን በጭቃዋ ላይ ሳመቻት።

አደባባይ ወጥተው የሚናገሩበት ቀን ደግሞ ሲፈለግ ተገኘ። የገጹ ድርጅት ከተማው ውስጥ ባለው የመስታወት ሕንፃው ምድር ቤት «የደንበኞች ቀን» አዘጋጅቶ ነበር፤ ጥሪው «በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እንደ ቤታችሁ ሆናችሁ ኑ!» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ከቀናት በፊት በሬዲዮ ቀርቦ «የሚደብቀው የሌለው ሰው አይፈራም» ያለ፣ ጥርሱ የሚያበራ፣ ሰውን ሁሉ በቁልምጫ የሚጠራ ጎልማሳ ነው።

በዚያ ቀን ጠዋት ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ያለችው ክፍል የሠርግ ቤት መሰለች። የእህቷ ልጅ ጭቃውን በባልዲ ታማስላለች፤ ጡሩንባ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ፊት ሁሉ ላይ ትለቀልቃለች። ርዕሰ መምህርቷ ዊጋቸውን አውልቀው በፎጣ ተጠቀለሉ። ጋሼ ጢማቸው ላይ ሦስቴ እንዲደረብላቸው ጠየቁ፤ ሮዝ ፎጣ ደርሷቸው ሲያጉረመርሙ ፖስተኛው በራሳቸው ሰማያዊ ለወጧቸው፤ ጋሼ አይተው «አይ፣ ሮዙ ይሻላል» ብለው መለሱላቸው። የኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ በደስታ ፈካ፤ «ሁልጊዜ እንዲህ ብንሆን ምናለ» ይላል።

ልብስ ሰፊዋና ልጇ መጨረሻ ላይ ገቡ። ጡሩንባ ብሩሹን ወደ ልጅቷ ስታስጠጋ ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ለእኔ ይቅር እትዬ። ያኔ እነሱ ናቸው የመረጡልኝ፤ ዛሬ እኔ ልምረጥ።» ዊጓን አውልቃ ለእናቷ ሰጠቻት። ራሷ ላይ እንደ ኮክ ልጣጭ ያለ ስስ ጠጉር ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር። እናትየዋም «እንግዲያው ለእኔም ይቅር» አለች። ጡሩንባ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ መልሳ ነከረችው፤ ምንም አልተናገረችም፤ ይህም ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ከሕንፃው ፊት ያለውን መንገድ ሲሻገሩ መኪናው ሁሉ ቆመ። የሕንፃው ጥበቃ እጁን ዘረጋ፦ «ወዴት ነው? ፊታችሁን ግለጡ!»

«ጥሪው እንደ ቤታችሁ ሆናችሁ ኑ ይላል» አለች ጠበቃዋ ከጭቃው ውስጥ። «እኛ ቤት እንዲህ ነን።»

ጥበቃው ጥሪውን አነበበ፤ ሰዎቹን አየ፤ ጥሪውን ደግሞ አነበበ። ከዚያ በሩን ከፈተ።

ጋዜጠኞች ፊኛ መሀል ቆመው ብስኩት ሲበሉ ነበርና ካሜራቸውን አነሱ። ነጭ ፊቶቹ ተሰለፉ፤ እያንዳንዱም ስሙን ሳይናገር አንድ አንድ ነገር ተናገረ። አንዲት ሴት «ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ፤ ለመከበር የፈለግሁትን ያህል ፀጉር የማድረግ መብት አለኝ» አሉ። አንድ ወፍራም ድምፅ ከሮዝ ፎጣ ሥር «የሚደበቅ ሁሉ ነውር አይደለም» አለ። ልጅቷ በገዛ ፊቷ ቆማ ስለ እሁድ ጠዋቱ ቁርስ ስትናገር፣ ብስኩት የሚያኝክ ሰው አልነበረም። እናቷ እጇን ይዛት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቂል አልነበረም። መቆጣት እንደማያዋጣው ገብቶት እየሳቀ መጥቶ መሀላቸው ተሸጎጠ፣ ስልኩን ዘርግቶ አብሯቸው ፎቶ ተነሳ፣ «ከውበት ወዳጆቻችን ጋር!» ብሎም ያን ጊዜውኑ በገጹ ላይ ለጠፈው። በሳቅ አሳልፈዋለሁ ብሎ ነው።

የገዛ ማሽኑ ግን ሥራውን መሥራት ነበረበት። ፊት ፈለገ፤ ጭቃ አገኘ። ስም መለጠፍ አለበትና ከሥራ አስኪያጁ ዘመዶች የሚመስለውን እያነሳ ይለጥፍ ጀመር። ፖስተኛውን የአጎቱ ልጅ አደረጋቸው። ጠበቃዋን የልጁ ሞግዚት አላት። ጎኑ የቆሙትን፣ ሮዝ ፎጣ የጠመጠሙትን፣ ሆዳቸው ከቀበቶ በላይ የፈሰሰውን ጋሼን ደግሞ፣ የሥራ አስኪያጁ አማት ናቸው አለ። ለዘመድ ወዳጁም ሁሉ «የሚያውቁት ሰው ፎቶ ተገኝቷል!» ብሎ አበሠረ።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ሚስቱ ነበረች። ቀጥሎ የሚስቱ እህት። ቀጥሎ ከሩቅ አገር የሚስቱ ወንድም፣ «እናታችን በዚህ ዕድሜያቸው ሰልፍ ምን ሊሠሩ ወጡ?» እያለ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ሌላው ቀድሞ አባዝቶታል። ለዋናው መሥሪያ ቤት በችኮላ ጻፈ። መልሱን ሲያነብ ፊቱ ሲለዋወጥ ጡሩንባ በትከሻው ላይ አጮልቃ አየች፤ ያ የሚስቅ ቢጫ ፊት ነው።

አማትየው ራሳቸው ሲደርሱ አዳራሹ ገና አልተበተነም። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ጃንጥላ የያዙ ሴት ናቸው። ጃንጥላቸውን ወደ ጋሼ ቀሰሩ።

«እኔ ይሄን ያህል ሆድ አለኝ?»

«እናቴ፣ ስህተት ነው፣ ማሽኑ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ማሽኑ የማነው?»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጠየቅሁህ እኮ! እኔን በፎጣ፣ በአደባባይ፣ ከነሆዴ ሲያወጣኝ ማንን አስፈቅዶ ነው?»

ጋዜጠኞቹ ይህችን ጥያቄ እንደ ወርቅ ለቀሟት፤ በማግስቱ በየጋዜጣው ፊት ወጣች። ማኅበሩ ለስንት ጊዜ በስንት አንቀጽ ሲለፋበት የኖረውን ነገር አማትየው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሰማ፤ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች በመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንዲመሰክሩ ፈቀደ። ድርጅቱም የከፈታቸውን አልበሞች እንዲዘጋ፣ ወደፊትም በጉንዳን ጽሑፍ ሳይሆን በሚነበብ ቋንቋ እንዲያስፈቅድ ታዘዘ። ፊት ላይ ስም መለጠፉን ግን «እናሻሽለዋለን» ብሎ እስካሁን ይከራከራል፤ ማኅበሩም ከመጭመቂያው በላይ ተቀምጦ እስካሁን ይከራከረዋል። ጡሩንባ አባል ሆናለች። ስብሰባው በእሷ ምክንያት ይረዝማል፤ ፖስተኛው «እመቤቴ፣ ወደ አጀንዳው» ሲሉ አንጀታቸው አይችልምና ቀስ ብለው ነው የሚሉት።

ደንበኞቿ ሁሉ አልተመለሱም። ርዕሰ መምህርቷ ፀጉራቸውን ሌላ ሰፈር ነው የሚያሠሩት፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ በጭንቅላታቸው ብቻ ሰላምታ ይሰጧታል፣ እሷም አትፈርድባቸውም። ጋሼ ቤት ልቀቂ ያሉትን ረስተውታል። ጢማቸውን ለጥቂት ጊዜ ነጭ አድርገው ዞሩ፤ ከዚያ በምሳ ሰዓት መጡና መጋረጃውን ራሳቸው ጋረዱ። የልጅቷ ሕክምና ገና አላለቀም፤ ሐኪሞቹ ግን መሳቅ ጀምረዋል ትላለች።

ሰሞኑን አንድ ቀን ደግሞ በሩ ላይ ጃንጥላ ታየ። የሥራ አስኪያጁ አማት ናቸው።

«ያ ጭቃ የታለ?» አሉ ወንበሩ ላይ እየተመቻቹ። «ስሜ እንደሆነ ወጥቷል፤ ፊቴ ምን በወጣው ይቅርበታል?»

ጡሩንባ ቀባቻቸው። ጭቃው ሲደርቅ አፍ እንዲዘጋ የታወቀ ነው፤ የእሳቸው ግን አልተዘጋም። ስለ አማቻቸው አወሩላት። መብራት ካልበራ እንደማይተኛ፤ ሸረሪት ሲያይ ወንበር ላይ እንደሚወጣ፤ ያ የሚያበራ ጥርሱ ፊት ለፊቱ ብቻ የተተከለ መሆኑን። ጡሩንባ በአንድ እጇ ማበጠሪያውን፣ በሌላው የወንበሩን ጀርባ ጨብጣ ታዳምጣለች። ከግድግዳው ማዶ የጫማ አዳሹ መዶሻ ጸጥ ብሏል።

«እኔ እንግዲህ ያመኑኝን አላሳፍርም» አለች በመጨረሻ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንደ አባል። «ወንበሬ ላይ የተባለ ወንበሬ ላይ ይቀራል። ለማንም አልናገርም።»

«አንቺማ አትናገሪ» አሉ አማትየው ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ። «የገዛ ቤተሰቤ ነው፤ እኔው እናገራለሁ።»

ጃንጥላቸውን አነሱ፣ ዳቦ ቤቱ ገቡ፣ ሰልፉ ፊት ቆሙና ከሸረሪቱ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ዳቦውን ረስቶ ከበባቸው። ጡሩንባ ማበጠሪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ በማንም እንደዚያ ቀንታ አታውቅም።